ከጠርሙሱ በፊት መረቡ፦ ጅማ ላይ ለሩዝ ማሳ የሚሸመተው ዕቃ በሸረሪቷ ሚዛን

ጅማ ላይ ፀረ ተባይ የሚሸምት ሰው ባንኮኒ ተደግፎ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ ይገድላል?» ሻጩም «ድራሹን ነው የሚያጠፋው» ይላል። አልዋሸም። መደርደሪያው ላይ ከተደረደረው ጠርሙስ አብዛኛው ነፍሳት ይገድላል። ችግሩ ሩዝ ማሳ ውስጥ ከሚርመሰመሰው ፍጥረት የሚበዛው ሩዙን የማይነካ መሆኑ ነው። ገሚሱ ብስባሽ ለቃሚ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ሩዙን የሚበላውን የሚበላ ነው። ስለዚህ የሩዝ ገበሬ ሊጠይቅ የሚገባው «የሚገድለው ማንን ነው? የሚተርፈውስ ማን ነው?» ብሎ ነው። እዚህ የቀረበው ዕቃ ሁሉ በዚህች ሚዛን የተመዘነ ነው።

ግምገማው ከሸቤ፣ ከጎጀብ ሸለቆ ወይም ከጨዋቃ ድረስ ለሸመታ ጅማ ለሚወጣ ሰው ነው። ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለማይጸና ቁጥር አልጻፍንም። የመደብር ስምም አልጠቀስንም። መደርደሪያው ከሱቅ ሱቅ ይመሳሰላል፤ የሚለያየው ሻጩ ነው፤ ስለ እሱ ወደ ታች እንመለሳለን።

መረቡ፦ 9 ከ10

ከሁሉ ቀድሞ መገዛት ያለበትን ዕቃ ግብዓት መደብር ገብቶ መፈለግ አያሻም። ጅማ መርካቶ ውስጥ ከብረታ ብረት ቤት፣ ከመጋረጃ ጨርቅ ሻጭና ከልብስ ሰፊ ተሰብስቦ በአንድ ቀን የሚያልቅ የነፍሳት መረብ ነው። ልኩ ይህ ነው፦ የአፉ ስፋት 38 ሴንቲ ሜትር፣ የከረጢቱ ጥልቀት 75 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው 90 ሴንቲ ሜትር። አፉ ክብ ሲሆን ዙሪያው 120 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እጀታው ላይ ታጥፈው ለሚታሰሩት ሁለት ጫፎች 10 10 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 140 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ ሽቦ ይበቃል። ብየዳ ቤቶች እጃቸው ላይ ያለውን 6 ሚሊ ፌሮ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ አይሰበርም፣ ግን ክብደቱ እጥፍ ስለሚሆን ከ50 ምት በኋላ ክንድ ይዝላል፤ ክንድ ከዛለ ደግሞ የመጨረሻው ቆጠራ ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ለእጀታ የመጥረጊያ እንጨት ይሆናል።

የሚሳሳተው ጨርቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ አጎበር ነው፤ ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ ቤት ውስጥ አለ። ሦስት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ለወባ የሚታደለው አጎበር በፀረ ነፍሳት የተነከረ ስለሆነ የያዘውን ሸረሪትና ተርብ ቆጥሮ መልሶ መልቀቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ለማየት የምንፈልጋቸው ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች (ዕንቁላላቸውን ተባዩ ውስጥ ጥለው የሚገድሉት) በእሱ ሾልከው ይወጣሉ። ሦስተኛው ሳይነገርም ይታወቃል፤ አጎበር ቦታው አልጋ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ከአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢትም አያዋጣም፤ አየር ስለማያሳልፍ መረቡ ሲወነጨፍ ከፊቱ ያለው አየር ተገፍቶ ነፍሳቱን ይዞ ይሸሻል። የሚሠራው ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። አቡጀዲ የሚያስፈልገው ለከንፈሩ ብቻ ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ታጥፎ ሽቦው በውስጡ እንዲያልፍ ይሰፋል። የሩዝ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ ሻካራ ስለሆነ ያለዚህ ከንፈር ስሱ ጨርቅ ሳምንት አይቆይም። ልብስ ሰፊው የከረጢቱን ጫፍ እንዳያሾለው ንገሩት፤ ሹል ጫፍ ውስጥ የገባ ነፍሳት ተጨፍልቆ ማንነቱ ይጠፋል። ክብ ይሁን።

አጠቃቀሙ፦ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማሳውን ሰያፍ እያቋረጡ አምስት ቦታ ላይ ማቆም። በእያንዳንዱ ቦታ 10 ምት፤ አንድ እርምጃ አንድ ምት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ግማሽ ክብ፣ የመረቡ የታች ከንፈር የቅጠሉን አናት በሩብ ያህል ጠልቆ። ከ10ኛው ምት በኋላ መረቡ በፍጥነት ተገልብጦ ከረጢቱ ሽቦው ላይ ይታጠፋል፤ ጥልቀቱ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለዚህ ነው፤ አጭር ከረጢት አይቆለፍም። እርጥብ ቅጠል ላይ መምታት ዋጋ የለውም፤ ጨርቁ ይጣበቃል፣ ነፍሳቱም ይጠራቀምና ጭቃ ይሆናል። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ገደብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ያላረፈበት ጠዋት መጠበቅ ግድ ይላል። ሩዙ አበባ ሲያወጣ ደግሞ መረቡን አሳርፋችሁ በዓይን ቁጠሩ።

አንዱን ነጥብ የቀነስንበት ምክንያት መረብ የሚያሳየው የማሳውን አናት ብቻ መሆኑ ነው። ግንዱ ሥር ያለው ዓለም አይገባበትም፤ ተኳላ ሸረሪት የምትውለውም፣ ጭማቂ መጣጭ ዘላዮች የሚደበቁትም እዚያ ነው። ለዚህ ነጭ ትሪ ወይም ጥቂት ውኃ የያዘ ሳፋ ግንዱ ሥር አስጠግቶ ተክሉን በእጅ ሦስት ጊዜ መምታት ነው፤ 20 ተክል ላይ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ማሳው ምን እንደያዘ ይታወቃል፤ መረቡ ብቻውን ግን ሸረሪቱን ሁልጊዜ አሳንሶ ያሳያል።

አጉሊ መነጽሩ፦ ሲገዛ የሚፈተን

የሚያስፈልገው 10 ጊዜ የሚያጎላ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ የሚገኘው ትልቁ ክብ የንባብ መነጽር ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ጊዜ ብቻ ያጎላል፤ እጀታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከማመን መፈተን ይሻላል። ሱቁ ውስጥ ቆመው መነጽሩን በወረቀትና በሩቅ ባለ መስኮት መካከል ይያዙ፤ የመስኮቱ ምስል ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ ሲወጣ ከመነጽሩ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ 25ን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። ርቀቱ 2 ከግማሽ ከሆነ 10 ጊዜ ያጎላል። 8 ሴንቲ ሜትር ላይ የጠራ መነጽር «10» ተብሎ ቢጻፍበትም 3 ነው። አያያዙንም ብዙ ሰው ይስታል፤ መነጽሩ ዓይን ላይ ይጠጋል፣ የሚታየው ነገር ወደ መነጽሩ ይመጣል።

መረቡ ውስጥ ማን አለ?

ጅማ ዙሪያ ሩዝ በአብዛኛው ዝናብ ጠብቆ በደረቅ መሬት የሚበቅል ስለሆነ፣ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ የሚሯሯጡትን የውኃ ላይ አዳኞች እዚህ መጠበቅ ከንቱ ነው። በእነሱ ቦታ ሸረሪት፣ ጉንዳንና የመሬት ጢንዚዛ ይበዛሉ። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት አትቆጠርም፤ ሥራዋ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ተኳላ ሸረሪት ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ ግንድ ሥር እየሮጠች ታድናለች፣ የዕንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ ተሸክማ፣ ከተፈለፈሉ በኋላም ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ። በእስያ የሩዝ ማሳዎች የዚህ ወገን የሆነችው በቀን ከ5 እስከ 15 ዘላይ ትበላለች። ረጅም መንጋጋ ያላት ሌላዋ ሸረሪት ደግሞ ቀን ቀን ቅጠል ላይ እግሯን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግታ ትተኛለች፤ ሰንበሌጥ ትመስላለች፤ መረብ ካልነካት አትታይም። የውኃ ተርብና ቀጭኗ ዘመዷም እየበረሩ ያድናሉ፤ ግን በአንድ ቀን ከማሳ ማሳ ስለሚዘዋወሩ ቁጥራቸው ስለ ማሳው ብዙ አይናገርም።

ሁለት ፍጥረታት ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ፌንጣ ነው። ፌንጣ ሁሉ ጠላት አይደለም። አንቴናው ከሰውነቱ የሚረዝመው ቀጭን አረንጓዴ ፌንጣ የአገዳ ቆርቁርን ዕንቁላል ይበላል፤ አልፎ አልፎ የሩዝ አበባም ይቀምሳል፣ ሒሳቡ ግን ወደ ወዳጅነት ያደላል። አንቴናው አጭር የሆነው ቅጠል በሊታ ነው። ሁለተኛው ሰውነቱ ብርቱካናማና ጥቁር የተፈራረቀበት፣ ጉንዳን የሚመስል ቀጭን ጢንዚዛ ነው፤ ብዙ ሰው ናይሮቢ ፍላይ የሚለው። አዳኝ ነው፣ ሩዝ አይነካም፤ ነገር ግን ቆዳ ላይ ከተጨፈለቀ ፈሳሹ ያቆስላል። አንገት ላይ ሲያርፍ በእጅ መምታት ሳይሆን እፍ ማለት ነው። መረቡን ስትገለብጡም እጃችሁን ከታች አታስገቡ።

ጥገኛ ተርቦቹን ለማየት ከመረቡ ይልቅ ዕንቁላል መሰብሰብ ይሻላል። ቅጠል ላይ የተለጠፈ የእሳት እራት ዕንቁላል ሲገኝ ቅጠሉን ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ፣ አፉ በስስ ጨርቅ በታሰረ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ጥላ ላይ ማኖር። ከአንድ ሳምንት እስከ 10 ቀን ይበቃል። ትል ከወጣ ተባዩ አልተነካም፤ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ተርቦች ከወጡ ማሳው ውስጥ ሠራተኛ አለ። ዕንቁላሉ ሙሉ በሙሉ እኩል ከጠቆረ የትሪኮግራማ ተርብ ምልክት ነው፤ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ከታየ ሊፈለፈል የደረሰ የትሉ ጭንቅላት ነው፤ ሁለቱን አለመለየት ትልቁ ስሕተት ነው። ብልቃጡን በክዳን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ደግሞ ሁሉንም በሻጋታ ይጨርሳል። አገዳ ውስጥ ወይም ቅጠል ላይ እንደ ጥጥ የተጠቀጠቀ የነጭ ቅንጣቶች ክምር ካገኛችሁ የኮቴሲያ ተርብ ጎጆ ነው፤ እንደ በሽታ ቆጥራችሁ አታቃጥሉት። በእስያ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ የበቆሎና ማሽላ አገዳ ቆርቁርን እንዲከላከል የተለቀቀው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ሳይለቀው በራሱ ክንፍ ገብቶ ተገኝቷል።

የግብዓት መደርደሪያው

ነጥቡን ከማየታችሁ በፊት አንድ ነገር፤ ጠርሙሱ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ነው፣ ለእኛ ሚዛን አይረባም። የሚያስፈልገው ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የንጥረ ነገሩ ስም ነው። ስሙ በ«ትሪን» የሚያልቅ ሁሉ ከአንድ ቤተሰብ ነው።

ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን፦ 2 ከ10። በገበያው ካራቴ ተብሎ የሚታወቀውም የዚህ ወገን ነው። በጥቂት መጠን ብዙ ስለሚገድል፣ ሽታውም ስለማይከብድ ይወደዳል። ለሩዝ ግን ከመደርደሪያው ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሸረሪት በእሱ ፊት አትቆምም። ነገሩ የሚከፋው እንዲህ ነው፤ ጭማቂ መጣጭ ዘላዮች ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት በቅጠሉ እግር ሥጋ ውስጥ ቀብረው ስለሆነ ርጭቱ አይደርስበትም። በተረጨ ማግስት ማሳው ንጹሕ ይመስላል። በሳምንቱ ዕንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ኩብኩባዎቹ ሲወጡ የሚበላቸው የለም። ዘላዩ በአንድ ወር ውስጥ ትውልድ ሲተካ ሸረሪቷ ወራት ይወስድባታል። ገበሬው ደግሞ «መድኃኒቱ አነሰ» ብሎ ይደግማል። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ 57 ዓይነት ፀረ ተባዮች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ ያገደችው በዚሁ አዙሪት ቡናማው ዘላይ ማሳውን ካደረቀው በኋላ ነው። ያ ዘላይ የእስያ ነው፤ እኛ ዘንድ ያሉት ዘመዶቹ ናቸው፤ አዙሪቱ ግን ዝርያ አይመርጥም።

ማላታዮን፣ ዳይሜቶየት፣ ክሎርፓይሪፎስ፦ 3 ከ10። ጥገኛ ተርብንና ጢንዚዛን አይምሩም። ማላታዮን ቶሎ ስለሚፈርስ አዳኞቹ ከዳር ቀድመው ሊመለሱ ይችላሉ፤ አንዷን ነጥብ የጨመርንለት ለዚህ ነው። ዳይሜቶየት በተክሉ ጭማቂ ውስጥ ይሰራጫል፣ ለንብ አደገኛ ነው፤ ቀፎ በሰቀለ ጎረቤት አጠገብ መርጨት ጠብ መግዛት ነው። ለጎተራ የሚሸጠውን የማላታዮን ዱቄት ማሳ ላይ መበተን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ብክነት ነው።

ኢሚዳክሎፕሪድ፦ ዘር ላይ ተለውሶ ከሆነ 6፣ ከተረጨ 3። ምስጥ በሚያስቸግርበት ደረቅ መሬት ላይ ዘር መለወስ ትርጉም አለው፤ መርዙ በዘሩ ዙሪያና በተክሉ ጭማቂ ውስጥ ስለሚቆይ ከላይ የሚሮጡትን አዳኞች እምብዛም አይነካም። ምስጥ የሌለበት ማሳ ላይ ግን «ለማንኛውም» ብሎ መለወስ ገንዘብ መቅበር ነው። ለምስጥ ብሎ መሬቱን ሁሉ በፈሳሽ መርዝ ማጠብ ደግሞ የምስጥ ቀንደኛ ጠላት የሆነውን ጉንዳን ቀድሞ ያጠፋል።

ኢማሜክቲን ቤንዞኤት፦ 5 ከ10። ቅጠሉ ላይ የቀረው ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይፈርሳል፤ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የሰረገው ግን ትል ሲበላው ይሠራል። ስለዚህ ወደ ማታ ከተረጨ በማግስቱ ለሚመጡት ወዳጆች ጉዳቱ ይቀንሳል። እርጥብ እያለ የነካውን ግን አይለይም።

ክሎራንትራኒሊፕሮል፦ 7 ከ10። የትል መድኃኒት ነው፤ ለሸረሪትና ለአብዛኞቹ ጥገኛ ተርቦች ከላይ ከተዘረዘሩት ሁሉ የሚሻል ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይወደዳል። ሁለት ጉድለት አለው፤ በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ጎጂ ስለሆነ ወንዝ ዳር አይረጭም፣ ደጋግመው ሲጠቀሙበት ደግሞ ትሉ ይላመደዋል። በአንድ ወቅት ከአንድ ጊዜ በላይ አንመክረውም።

ቢቲ (ትል ከሚገድል ባክቴሪያ የሚዘጋጀው)፦ ስለ ወዳጆቹ 10፣ ስለ ሥራው እንደ ተባዩ። የሚገድለው የበላውን ትል ብቻ ነው። ቅጠል በሊታ ላይ ይሠራል፤ አገዳ ውስጥ የገባውን ቆርቁር አያገኘውም። ፀሐይ ስለሚያከሽፈው ማታ ይረጫል። ሙቀት ላይ የቆየ ቢቲ ኃይሉ ስለሚደክም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከላይኛው መደርደሪያ የወረደ ጠርሙስ ከሆነ ቀኑ ባያልፍም ተዉት።

«ተፈጥሮ ነው» የሚለውን ቃል ሳይመዝኑ የሚቀበሉ ብዙዎች ናቸው። የኒም ውጤቶች በአብዛኛው ለሸረሪት የማያሰጉ ናቸው፣ 7 ሰጥተናቸዋል። ብርብራ ግን ሌላ ነው። የቡና ጥላ ሆኖ ጅማ ዙሪያ በሽ የሆነው ይህ ዛፍ ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን አለበት፤ ዓሣ የሚያሰክሩበትም ለዚህ ነው። ፍሬውን ወቅጦ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መርጨት ነፍሳት ይገድላል፤ ወዳጁንም ጭምር። ከዛፍ ስለተለቀመ ብቻ ከመረጨት ሕግ ነፃ አይሆንም፤ ትርፉም ጅረት ውስጥ አይደፋም።

መቼ ነው ታዲያ ጠርሙሱ የሚነሳው? በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት አይነሳም። ቬትናም ሜኮንግ ዴልታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለገበሬዎች የተሰበከው ይህ ነበር። ሩዝ በለጋነቱ ቅጠሉ ተበልቶም፣ መሐሉ ደርቆም ከጎኑ አዲስ ቡቃያ እያወጣ ይክሳል። ዓይኖቿ እንደ ቀንድ በወጡ ዘንጎች ጫፍ ላይ የተቀመጡት ዝንብ የምታመጣው የመሐል ቅጠል መድረቅ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ራሱ ይተካዋል። በዚያው ጊዜ ሸረሪቶቹ ብስባሽ ላይ የሚባዙ ትንንሽ ዝንቦችን እየበሉ ይበዛሉ። ቀድሞ የረጨ ሰው የሸረሪቷን ቀለብ ነው ያጠፋው።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ይሠራል። ሕንድ ውስጥ ለአገዳ ቆርቁር የሚሠራበት ወሰን ከ100 ቡቃያ 10ሩ መሐላቸው ሲደርቅ ወይም በካሬ ሜትር አንድ የዕንቁላል ክምችት ሲገኝ የሚል ነው። ለዘላይ ደግሞ ሸረሪት ከሌለ በአንድ ቡቃያ 1 ዘላይ፤ በአንድ ተክል አንድ ሸረሪት ካለ ግን 2። ማለትም ሸረሪቷ ብቻዋን የገበሬውን ትዕግሥት በእጥፍ ታሳድገዋለች። ቁጥሮቹ ለሕንድ ማሳ የተቀመሩ ናቸው፤ እዚህ እንደ መነሻ ይያዙ እንጂ እንደ ሕግ አይወሰዱ።

መርጨት ግድ ሲሆን የሚበላሸው ልኩ ነው። በክዳን መለካት ይቅር፤ የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ከሌላው እኩል አይደለም። ምልክቱ ለሄክታር 400 ሚሊ ሊትር በ200 ሊትር ውኃ ካለ፣ 16 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 32 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ሦስት ሙሉ መርጫና ትንሽ ጭማሪ ይወስዳል። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር መርፌ ያለ ሹሉ መግዛት ክዳንን ያስረሳል። የተጎዳው ጥግ ብቻ ከሆነ ጥጉን ብቻ መርጨት፤ ያልተረጨው ክፍል አዳኞቹ የሚመለሱበት ቤት ነው። አረም የተረጨበትን መርጫ ለተባይ መጠቀም ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ታንኩ ጎማ ውስጥ ስለሚቀር በኦሞ ሦስቴ ታጥቦም ቢሆን ያሰጋል፤ ነፋስ ይዞት ከሄደ የጎረቤትን ቡና ቅጠል ያጣምማል፤ በድንበር ላይ ያለውን አበባ ሲገድል ደግሞ የጥገኛ ተርቦቹን ምግብ ያነጥፋል።

የትሪኮግራማ ካርድ፦ ለማን?

ሕንድ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ዕቃ ነው፤ ወረቀት ላይ በተለጠፉ፣ ተርቧ በገባችባቸው የእሳት እራት ዕንቁላሎች የተሞላ ካርድ። አንዱ 20 ሺህ ያህል ዕንቁላል ይይዛል፤ ለሄክታር በሳምንት 5 ካርድ፣ ማለትም 100 ሺህ። ተርቧ ከ10 ሜትር ብዙም ስለማትርቅ ካርዱ ተቆራርጦ በሄክታር 100 ቦታ ላይ፣ በየ10 ሜትሩ፣ ከቅጠል ሥር ይያያዛል፤ ከላይ ከሆነ ፀሐይ ያበስለዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል። ጉንዳን ከደረሰበት ደግሞ ለቁርስ ይሆናል። እዚህ ሊያቀርብላችሁ የሚል ሰው ቢመጣ ሕይወት ያለው ነገር ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስታውሱ፤ የፈቃዱን ወረቀት፣ ተርቧ የምትፈለፈልበትን ቀንና በመንገድ ላይ የቆየበትን ቅዝቃዜ ጠይቁ። ቀኑ ያልተጻፈበት ካርድ ባዶ ወረቀት ነው።

ከዚያም በላይ አንድ ነገር አለ፤ ይህች ተርብ የምታጠቃው በዋነኝነት የእሳት እራትን ዕንቁላል ነው። ማሳችሁን የሚያስቸግረው ባለ ቀንድ ዓይን ዝንብ ወይም ምስጥ ከሆነ 500 ሺህ ብትለቁም ብዙ ለውጥ አትጠብቁ። ነጥብ ሳንሰጠው ያለፍነው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ መረብና ብልቃጥ ማሳው ላይ ማን እንዳለ ይንገሯችሁ።

ሻጩ

ጥሩ ሻጭ ከመሸጡ በፊት ይጠይቃል፤ ሰብሉ ምንድን ነው? ስንት ቀኑ ነው? ምን አየህ? ትሉን ይዘህ መጥተሃል? እነዚህን አራቱን የጠየቀ ሻጭ ደንበኛ ይገባዋል። «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ሁለት ጠርሙስ ደርቦ የሚሰጥ፣ ወይም ከትልቅ ጀሪካን ቀድቶ በሃይላንድ የሚሸጥ ከሆነ ግን ውጡ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በሃይላንድ የተቀዳ ነገር ስሙም፣ መጠኑም፣ ማለቂያ ቀኑም የለበትም፣ ልጅ ደግሞ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

ያልታወቀ ነፍሳት ለማስለየት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅም፣ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከገበያው ሩቅ አይደሉም። ባለሙያ ፊት የሚቀርብ ናሙና ግን በፌስታል ተጨምቆ አይሁን። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል በትንሽ ብልቃጥ፤ አረቄ ለጊዜው ያቆያል እንጂ ቀጭን ስለሆነ ውሎ አድሮ ናሙናውን ያበሰብሰዋል። ቀኑ፣ ቀበሌውና የሩዙ ዕድሜ በእርሳስ ተጽፎ ወረቀቱ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ አልኮል ውስጥ ይፈታል።

ለድንበር የሚሆን ዘር ከገበያው ሸማቾች መካከል የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ርካሹ ሸመታ ግን እሱ ነው። በእስያ ድንበር ላይ ሰሊጥ ይዘራሉ፤ ጥገኛ ተርብ ትል ብታርድም ራሷ የምትኖረው በአበባ ማር ነውና። ሰሊጥ የጅማን ከፍታ አይወድም፤ ወደ ጎጀብ ቆላ ወረድ ላለ ማሳ ይሞከር። ለደጋው ኑግና ድንብላል ይተካሉ፤ ሩዙ በተዘራ ሰሞን በአንድ እርምጃ ስፋት ድንበሩ ላይ ቢበተኑ ሩዙ ሆድ ሲይዝ ወደ አበባ ይደርሳሉ። ድንብላሉን ቅጠሉ ለወጥ ሲባል ሁሉንም አትቅጠፉት፤ የሚፈለገው አበባው ነው።

ስለ መረቡ የቀረች አንዲት ነገር፤ ከሥራ ሲመለስ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ አይጥ ስለሚወደው ከፍ ብሎ ይሰቀል። ፀረ ተባይና መርጫው የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ግን አይሰቀል። እንፋሎቱና ብናኙ ጨርቁ ላይ ካረፈ በሚቀጥለው ጠዋት የተያዘው ሸረሪት ሁሉ ሞቶ ይገኛል፤ ቆጣሪውም ማሳው ተመርዟል ብሎ ይሳሳታል።